ተይዞ ስለሚለቀቅ ዓሣ አያያዝና ስለ ፎቶግራፉ አነሣሥ

«ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው የአባቶች ተረት እሾኹ በጕሮሮ እንዳይቀር በላተኛውን ለማስጠንቀቅ የተነገረ ነው። ነገር ግን ብልሃት የሚያሻው ለሚበላው ዓሣ ብቻ አይደለም። ተይዞ፥ ተለክቶ፥ ፎቶግራፉ ተነሥቶ ወደ ውኃው የሚመለሰው ዓሣ ከዚያ የበለጠ ብልሃት ይፈልጋል። የሚበላው ዓሣ በአያያዝ ቢጐዳ የሚጐድለው ጣዕሙ ነው፤ የሚለቀቀው ዓሣ በሰው እጅ ሳለ ቢጐዳ ግን የተለቀቀበት ምክንያት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የነገሩ አኳኋን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። በአንድ ወረዳ አዲስ የዓሣ ኩሬ ሲጐበኝ አንድ ትልቅ ዓሣ በመረብ ይወጣና ከእንግዳ ወደ እንግዳ ይተላለፋል፤ እያንዳንዱም በተራው ከፍ አድርጎ ይዞት ፎቶግራፍ ይነሣል። ዓሣው በመጨረሻ ወደ ኩሬው ይወረወራል፤ ጅራቱን ወዝውዞ ወደ ጥልቁ ይገባል፤ ተመልካቹም «ዳነ» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። በማግሥቱ ግን የኩሬው ጠባቂ ያንኑ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ ያገኘዋል። ፎቶግራፉ ሕያው ዓሣ ያሳያል፤ መዝገቡም «ተለቀቀ» ይላል፤ በውኃው ላይ ያለው ግን የሞተ ዓሣ ነው። የተለቀቀ ዓሣ ሁሉ የዳነ እንዳልሆነ፥ እንዲድንም ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ በታች በየተራው ተገልጿል።

1ኛ፤ ስለ አገሩና በውስጡ ስለሚገኙት ዓሣዎች

መሰላና በዙሪያው ያለው የጨርጨር አገር በቡና፥ በጫት፥ በማሽላና በበቆሎ እንጂ በዓሣ ስሙ የሚጠራ አይደለም። ቢሆንም የጨርጨር ተራራ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውኃ መክፈያ ነው። በሰሜኑ ገጽ የሚወርደው ዝናም ወደ አዋሽ ሸለቆ፥ በደቡቡ ገጽ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ያዘነብላል። ከጭሮ፥ ማለት ከአሰበ ተፈሪ፥ ወደ ሚኤሶ ወርዶ በቆላው መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው አዋሽን ያገኛል፤ በስተደቡብ የሚወርደውም ምዕራብ ሐረርጌን ከባሌ የሚለየውን ዋቢ ሸበሌን ያገኛል። ስለዚህ የደጋው ሹም ከወንዙ ርቆ ቢቀመጥም በግዛቱ ያሉት ጅረቶችና የሕዝቡም እጅ ወደ እነዚህ ውኃዎች ይደርሳሉ። በበጋም የየጅረቱ ውኃ ሲጐድል ዓሣው በቀሩት ጥልቅ ስፍራዎች ስለሚሰበሰብ በቀላሉ ይያዛል፤ ጕዳቱም በዚያው ልክ ይበዛል።

ሹሙ ሊለያቸው የሚገቡ ዓሣዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ቆሮሶ ነው፤ በአዋሽ ይገኛል፥ በኩሬም ይረባል፤ ጐኑ ሰፊ፥ ጀርባውም በሹል እሾኽ የታጠረ ነው። ሁለተኛው አምባዛ ነው፤ ቅርፊት የለውም፥ ራሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ ነው፥ በአፉም ዙሪያ አራት ጥንድ ረዣዥም ጢም አለው። ሦስተኛው ባርበስ ነው፤ ትልልቅ ቅርፊትና ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢም ያለው ሲሆን፥ የዚሁ ወገን የሆነውን በጣና አካባቢ ነጭ ዓሣ ይሉታል። አምባዛና ባርበስ በአዋሽም በዋቢ ሸበሌም ይገኛሉ። ሦስቱም በጠባይ የተለያዩ ስለሆኑ አያያዛቸውም አንድ አይደለም።

2ኛ፤ ዓሣ ተይዞ ስለሚለቀቅበት ምክንያት

ዓሣ ተይዞ የሚለቀቀው ስለ አራት ነገር ነው። አንደኛው ትንሽ ሆኖ ገና ያልወለደ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው እንቍላል ያላት እናት እንደ ሆነች ነው። ሦስተኛው የዓሣውን ዐይነት፥ ርዝመትና ብዛት ለመመርመር ለእውቀት ሲባል የተያዘ እንደ ሆነ ነው። አራተኛውም ለመዝናናት በመንጠቆ የሚያጠምድ እንግዳ ዓሣውን ለመብል ሳይፈልገው ሲቀር ነው። ይህ አራተኛው በአገራችን በይበልጥ የሚታየው በባሌ ወንዞች ነው። ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በዚያ ተለቆ ረብቷልና፥ አጥማጆች ከሩቅ አገር ሳይቀር እየመጡ ይይዙታል፤ ብዙዎችም መልሰው ይለቁታል።

ስለ ዓሣ ሀብት አጠባበቅ መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995ን አውጥቷል፤ ክልሎችም እንደየውኃቸው ጠባይ ደንብ ያወጣሉ። ሆኖም ደንቡ «ትንሹ ይለቀቅ» ቢል፥ አጥማጁም ትንሹን በደረቅ አሸዋ ላይ አንከባሎ፥ ቈጥሮና አሳይቶ ቢለቀው፥ የደንቡ ቃል ተፈጽሞ የደንቡ አሳብ ፈረሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዓሣ ለሰው ምግብ አልሆነም፤ ለውኃውም ዘር አልሆነም።

ዘር ሲጐድል ምን እንደሚመጣ ጣና ምስክር ነው። በዚያ ሐይቅ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ብዙ የባርበስ ዐይነቶች አሉ። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በሐይቁ ላይ ከገቡ በኋላ፥ ዓሣው ለመውለድ ወደ ገባር ወንዞች በሚወጣበት በክረምቱ ወራት በየወንዙ አፍ በብዛት ይያዝ ጀመር። መርማሪዎች ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ መካከል ባደረጉት ልክ የትልልቆቹ ባርበሶች ብዛት በ75 በመቶ ያህል መቀነሱን አገኙ። ሐይቁ ሰፊ ሳለ እንዲህ ከሆነ፥ በበጋ በጥቂት ጥልቅ ስፍራ የሚሰበሰበው የጨርጨር ጅረት ዓሣ ምን ያህል በቶሎ እንደሚያልቅ ለማስተዋል አያስቸግርም።

3ኛ፤ ከውኃ የወጣ ዓሣ ስለሚደርስበት ጕዳት

ጕዳቱ በአራት መንገድ ይመጣል፤ እነርሱም የትንፋሽ ማጣት፥ የቆዳ መገፈፍ፥ ድካምና ሙቀት ናቸው።

ስለ ትንፋሽ። ዓሣ የሚተነፍሰው ስንጥብ በተባለው፥ በራሱ ግራና ቀኝ በክዳን ሥር በሚገኘው ቀይ አካል ነው። ስንጥቡ እንደ ሐር ክር በቀጠኑ ብዙ ቅጠሎች የተሠራ ነው። በውኃ ውስጥ ቅጠሎቹ ተዘርግተው ውኃው በመካከላቸው ሲያልፍ ከእርሱ ኦክስጅን ይቀበላሉ። ዓሣው ወደ አየር ሲወጣ ግን የሚደግፋቸው ውኃ ስለሚለያቸው ቅጠሎቹ ወድቀው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። የረጠበ የመጽሐፍ ቅጠል አንዱ ባንዱ ላይ ተጣብቆ እንደማይገለጥ ማለት ነው። ስለዚህ ዓሣ በአየር መካከል ሳለ፥ አየሩ በኦክስጅን የተመላ ቢሆንም፥ ይታፈናል።

ስለ ቆዳ። ዓሣን የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያ የሚያሙለጨልጭ ልጋግ እድፍ አይደለም። ለዓሣው እንደ ልብስና እንደ መድኃኒት ነው፤ በውኃ ውስጥ ያሉት የሻጋታና የሌላም በሽታ ዘሮች ወደ ቆዳው እንዳይገቡ ይከለክላል። ደረቅ እጅ፥ ደረቅ ጨርቅ፥ ሻካራ ጆንያ፥ አሸዋና የጋለ ድንጋይ ይህን ልጋግ ይገፋሉ፤ ቅርፊቱንም ያረግፋሉ። እንዲህ የሆነ ዓሣ በዚያ ሰዓት ጤነኛ መስሎ ይሄዳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በተገፈፈው ስፍራ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ይበቅልበታል።

ስለ ድካም። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ለማምለጥ ሲታገል ጡንቻው ላክቲክ አሲድ የተባለውን ያጠራቅማል፤ ደሙም ይለወጣል። ረዥም ዳገት በሩጫ የወጣ ሰው ወዲያው አፍና አፍንጫውን ቢይዙት ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው፤ ከብዙ ትግል በኋላ ወደ አየር የሚወጣው ዓሣ የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

ፈርጉሰንና ተፍትስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1992 ባወጡት ምርመራ ይህን ነገር በቍጥር አሳይተዋል። ትራውቶችን እስኪደክሙ ድረስ በውኃ ውስጥ አሯሯጧቸው። ከዚያም አንዳንዶቹን ወደ አየር ሳያወጡ ተዉአቸው፤ ሌሎቹን ለ30 ሴኮንድ፥ ሌሎቹንም ለ60 ሴኮንድ በአየር አቆዩአቸው። ከ12 ሰዓት በኋላ ሲቈጥሩ ወደ አየር ካልወጡት 12 በመቶ፥ 30 ሴኮንድ ከቆዩት 38 በመቶ፥ 60 ሴኮንድ ከቆዩት ደግሞ 72 በመቶ ሞተው ተገኙ። ልዩነቱን ያመጣው ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ይህም አንድ ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እስኪያሰናዳ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ቍጥሩ ስለ ትራውት የተነገረ ስለሆነ በሌላ ዓሣ ላይ በልኩ አይወሰድም፤ መንገዱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ስለ ሙቀት። ውኃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። በባሕር ጠለል ላይ በ10 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር ውኃ 11 ሚሊግራም ያህል ሲገኝ፥ በ30 ዲግሪ ግን ከ8 ሚሊግራም በታች ይሆናል፤ ከፍ ባለ አገርም አየሩ ስለሚሳሳ ከዚህ ያንሳል። ዓሣው ደግሞ ውኃው ሲሞቅ የሚያስፈልገው ትንፋሽ ይበዛል። በአዋሽ ቆላ በቀትር የተያዘ ዓሣ እንግዲህ ከሁለት ወገን ይጨነቃል ማለት ነው።

4ኛ፤ ከመያዙ በፊት ስለሚደረገው ዝግጅት

ዓሣውን የሚያድነው ከመያዙ በፊት የተደረገው ዝግጅት ነው።

ጊዜው ማለዳ ይሁን፤ ሌሊቱን የቀዘቀዘው ውኃ ገና አልሞቀምና። በኩሬ ግን በሌሊት ኦክስጅን ስለሚጐድል ጎሕ ሲቀድ ሳይሆን ፀሓይ ወጥታ ጥቂት ስትቆይ መጀመር ይሻላል። ዓሦች በኩሬው ላይ አፋቸውን ወደ አየር እያወጡ ሲያንጋጥጡ ከታዩ ትንፋሽ አጥሯቸዋልና በዚያ ቀን መረብ አይጣል።

መንጠቆው በጫፉ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾኽ አለችው። ይህች እሾኽ መንጠቆው እንዳይወልቅ የተሠራች ስለሆነች ሲያወጡት ሥጋውን ትቀድዳለች። ስለዚህ ለሚለቀቅ ዓሣ ሲጠመድ አስቀድሞ በፒንሳ ተጭና ትጥፋ። ክሩ ጠንካራ ይሁን፤ ቀጭን ክር ትግሉን ያስረዝማል። መረቡም ቋጠሮ የሌለው ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ሻካራ ቋጠሮ ቅርፊቱንና ክንፉን ይቈርጣልና።

አንድ ሰፊ ሳፋ ከዚያው ወንዝ ወይም ከዚያው ኩሬ በተቀዳ ውኃ ተሞልቶ በጥላ ሥር ይቀመጥ። ፒንሳው፥ መለኪያው፥ መዝገቡና ፎቶግራፍ ማንሻው በየስፍራቸው ይሰናዱ። ማን እንደሚይዝ፥ ማን እንደሚያነሣ፥ ማን እንደሚጽፍ አስቀድሞ ይነገር። ዓሣው ከወጣ በኋላ የሚደረግ ክርክር ሁሉ የሚከፈለው ከዓሣው ትንፋሽ ነው።

ሰውም ራሱን ይጠብቅ። በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ አዞ አለና አጐንብሶ ወደ ጥልቁ ጠርዝ መቅረብ አይገባም። ረግቶ በሚቆም ውኃም ብልሃርዚያ የሚያመጣው ተባይ በቀንድ አውጣ አማካይነት ስለሚኖር፥ ወደ ውኃ የሚገባ ሰው ረዥም የጎማ ጫማ ያድርግ።

5ኛ፤ ዓሣውን በእጅ ስለ መያዝ

ከሁሉ አስቀድሞ እጅ በዚያው ውኃ ይርጠብ። ቅባት ወይም የትንኝ መከላከያ የተቀባ እጅ አስቀድሞ ይታጠብ። ዓሣው በተቻለ መጠን ከውኃው ሳይወጣ መንጠቆው ይነቀልለት። ማውጣት ግድ ከሆነ በሁለት እጅ ይያዝ፤ አንዱ እጅ ከጅራቱ ሥር በፊት ባለው ቀጭን ስፍራ፥ ሁለተኛውም ከደረቱ በታች ይሁን፤ አካሉም አግድም ይቀመጥ። በውኃ ውስጥ የዓሣን ሆድ ዕቃ ውኃው ይሸከመዋል፤ በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥለው ቢሰቅሉት ግን ክብደቱ ሁሉ በመንጋጋውና በአከርካሪው ላይ ይወድቃል። ጣት ወደ ስንጥቡ ወይም ወደ ዐይኑ አይግባ። ሆዱም አይጨመቅ።

መንጠቆውን እስከ ጕሮሮው ውጦት ከተገኘ በኀይል አይጎተት፤ ክሩ በአፉ አጠገብ ይቈረጥና መንጠቆው በዚያው ይተው። ጕሮሮውን ቀድዶ መንጠቆ ከማውጣት ይልቅ መንጠቆውን በውስጡ ትቶ መልቀቅ ዓሣውን የማዳን ተስፋው ይበልጣል።

ስለ ቆሮሶ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። የቆሮሶ እናት እንቍላሏን ከጣለች በኋላ ሰብስባ በአፏ ትይዘዋለች፤ እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል በአፏ ታሳድጋቸዋለች። በዚህ ወራት እምብዛም ስለማትበላ የምትያዘው ከመንጠቆ ይልቅ በመረብ ነው። ወደ አየር ስትወጣ ወይም ስትጨነቅ ግን በአፏ ያለውን ትተፋዋለች፤ በሣር ላይ የተተፋ እንቍላልም ወደ አፏ አይመለስም። ስለዚህ ከመረብ የወጣች ቆሮሶ ጕሮሮዋ ተነፍቶ ወይም በአፏ ብጫ እንቍላል ታይቶ እንደ ሆነ፥ ሳትለካና ፎቶግራፍ ሳትነሣ በውኃው ውስጥ እንዳለች ወዲያው ትለቀቅ። ያንዲት እናት አንድ ፎቶግራፍ ያንድ ትውልድ ጫጩት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላልና። የቀረውንም ቆሮሶ የያዘ ሰው የጀርባውን እሾኽ በረጠበ መዳፍ ከራሱ ወደ ጅራቱ እየደባበሰ ቢያስተኛው እጁ አይወጋም።

አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ልዩ አካል ስላለው በአየር ከሌሎቹ ይልቅ ይታገሣል። ይህ ትዕግሥቱ ግን ብዙዎችን ያሳስታል፤ በትንፋሹ ቢታገሥም ቆዳው ቅርፊት የሌለው ስለሆነ በደረቅ መሬት ላይ ሲንከባለል ፈጥኖ ይቈስላል። በሁለቱ የደረቱ ክንፎች ላይ ጠንካራ እሾኽ አለውና የሚይዘው ሰው ከእነዚህ ይጠንቀቅ።

ባርበስ ኀይለኛ ታጋይ ስለሆነ ደክሞ ይወጣል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። ከክረምት እስከ መጸው ወደ ጠጠራማ ጅረት ለመውለድ ሲወጣ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ በዚያ ስፍራ ፈጽሞ ባይነካ ይሻላል።

6ኛ፤ ስለ ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ይልቁንም በሚገባ ከተነሣ ዓሣውን ከሞት ያድናል። ቀድሞ የዓሣን ዐይነት ለማወቅ የፈለገ ሊቅ ዓሣውን ገድሎ በአልኮል ጨምሮ ወደ ቤተ መዘክር ይልክ ነበር። የጀርመኑ ተጓዥ ሩፔልም ከአውሮጳውያን 1830ዎቹ ጀምሮ የጣናን ዓሣዎች ለዓለም ያስታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ ግን ከመለኪያ ጋር በጐኑ የተነሣ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ፥ የተያዘበት ስፍራና ቀን ከተጻፈበት፥ ለብዙ ጕዳይ ይበቃል፤ ዓሣውም በሕይወቱ ይኖራል። በየሰው ኪስ ያለው የእጅ ስልክም ለዚህ የሚበቃ ፎቶግራፍ ማንሻ አለው።

አነሣሡ እንዲህ ነው።

ሀ. ስልኩ ተከፍቶ፥ ርቀቱ ታይቶ፥ ብርሃኑ ተመርምሮ እስኪያልቅ ዓሣው በውኃው ውስጥ በመረብ ይቆይ። ያለ ዓሣ በባዶ እጅ አንድ የሙከራ ፎቶግራፍ ቢነሣ ስሕተቱ ሁሉ አስቀድሞ ይታረማል።

ለ. ፀሓይ ከአንሺው በስተኋላ ትሁን፤ የአንሺው ጥላ ግን በዓሣው ላይ አይውደቅ።

ሐ. የሚይዘው ሰው በውኃው ዳር ይንበርከክ ወይም በማይጠልቅ ውኃ ይቁም፤ ዓሣውንም ከውኃው ገጽ አንድ ክንድ በማይሞላ ከፍታ ይያዝ። ዓሣው ቢወራጭና ቢያመልጥ የሚወድቀው በውኃ ላይ ይሆናል። በቁመት ቆሞ፥ ከበታቹም ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ሳለ ዓሣ መያዝ የተከለከለ ይሁን።

መ. አንሺው «አሁን» ሲል ዓሣው ይነሣ፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተነሥቶ ወዲያው ወደ ውኃው ይመለስ። ይህ ሁሉ ከ5 ሴኮንድ ባይበልጥ መልካም ነው። የሚይዘው ሰው ዓሣውን ሲያነሣ የራሱንም ትንፋሽ ይያዝ፤ ትንፋሹ ሲያጥረው የዓሣውም እንዳጠረ ይወቅ። ፎቶግራፉ ካልያዘ ዓሣው በውኃ ውስጥ በሚገባ አርፎ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገም፤ ሁለተኛውም ካልያዘ ይተው።

ሠ. ለመዝገብ የሚሆነው ፎቶግራፍ ከሁሉ ይልቅ በሳፋው ውስጥ ቢነሣ ይሻላል። መለኪያው በሳፋው ወለል ይቀመጣል፤ ዓሣውም በላዩ በጐኑ ይጋደማል፤ ከበላዩ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ዓሣው በውኃ ውስጥ ስለሆነ ክንፎቹ ይዘረጋሉ፥ መልኩም ሳይጠፋ ይታያል። የዓሣ ሊቃውንት ልማድ ራሱን ወደ ግራ አድርጎ ማንሣት ነው፤ ፎቶግራፎቹ ሁሉ በአንድ ወገን ከሆኑ አንዱን ካንዱ ማነጻጸር ይቀላል።

ረ. አንድ ዓሣ በአንድ ሰው ብቻ ይያዝ። ጐብኚዎች ብዙ ከሆኑ በሳፋው ዙሪያ ቆመው ከዓሣው ጋር ባንድነት ይነሡ፤ ዓሣው ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍ። ለታላቅ እንግዳ አክብሮት ሲባል ይህ ደንብ ቢፈርስ እንግዳውን አላከበሩትም፤ ሳያውቅ ዓሣው በእጁ እንዲጐዳ አደረጉት እንጂ።

7ኛ፤ ስለ አለቃቀቅ

ዓሣ አይወረወርም። በሁለት እጅ እንደ ተያዘ ወደ ውኃው ይገባል፤ ራሱም ውኃው ወደሚመጣበት ወገን ይዞራል፤ ይህም ውኃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ እንዲያልፍ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ ግን አይገባም፤ ወደ ኋላ ሲጎትቱት ውኃው በስንጥቡ ተገላቢጦሽ ይሄዳልና። ውኃው የቆመ ከሆነ ዓሣውን በእጅ ይዞ በዝግታ ወደ ፊት ብቻ መሄድ ነው። ዓሣው በራሱ ኀይል ጅራቱን መትቶ ከእጅ ሲወጣ ያን ጊዜ ተለቀቀ ይባላል።

ከመልቀቅ በፊት አንድ ቀላል ምርመራ አለ። ዓሣውን በውኃ ውስጥ በቀስታ በጐኑ ማዘንበል ነው፤ ጤነኛ ዓሣ ወዲያው ራሱን ያቀናል። ካላቀና ገና አልበረታምና ይቆይ። ስንጥቡ በብዙ የሚደማ ዓሣ ግን ብዙውን ጊዜ አይድንም፤ እንዲህ ያለውን፥ ደንብ ካልከለከለ በቀር፥ ለቆ ከማስገደል ፈጥኖ ለምግብ ማዋል ይሻላል። በሌላ ሰው ፊት ለማሳየት ብቻ የሚሞተውን ዓሣ መልቀቅ ርኅራኄ አይደለም።

ዓሣው የሚለቀቀው ከተያዘበት ውኃ ብቻ ነው። ከአዋሽ የተያዘውን በዋቢ ሸበሌ ገባር፥ ከኩሬ የወጣውንም በወንዝ መልቀቅ አይገባም። ከእርሱ ጋር በሽታ ይሄዳል፤ እንግዳው ዓሣም የአገሩን ዓሣ ሊያጠፋ ይችላል። በአውሮጳውያን 1950ዎቹ በቪክቶሪያ ሐይቅ የተለቀቀው የናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ብዙ የአገሩን ትንንሽ ዓሣ ዐይነቶች ማጥፋቱ የታወቀ ነው። ከተለቀቀ በኋላም መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

8ኛ፤ የሹሙ ሥራ

የወረዳ ሹም ሁሉ አጥማጅ መሆን አያስፈልገውም። ሦስት ነገር ማድረግ ግን ይቻለዋል። አንደኛ፥ በኩሬ ምረቃና በጉብኝት ቀን ዓሣው ከሳፋ እንዳይወጣ አስቀድሞ ማዘዝና ራሱም ምሳሌ መሆን ነው። ታላቁ ሰው ዓሣውን ከፍ አድርጎ ካልያዘ፥ ታናሹ አይደፍርምና።

ሁለተኛ፥ ለአጥማጆችና ለኩሬ ባለቤቶች ይህን ትምህርት በቋንቋቸው ማስተማር ነው። በመሰላና በዙሪያው ሕዝቡ የሚናገረው ኦሮምኛ ስለሆነ ትምህርቱ በአማርኛ ወረቀት ብቻ ቢቀር ከቢሮው ደጃፍ አያልፍም። ረጥቦ የሚያሳይ አንድ እጅ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

ሦስተኛ፥ መዝገቡን ማስተካከል ነው። «ይህን ያህል ዓሣ ተለቀቀ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያስረዳም። በኩሬ ከተለቀቁት ጥቂቶቹ በውኃው ውስጥ በተዘረጋ የመረብ ከረጢት ተለይተው ይደሩ፤ በማግሥቱ ማለዳ ጠባቂው ከፍቶ በሕይወት ያሉትንና የሞቱትን ይቍጠር፤ ሁለቱም ቍጥሮች ጐን ለጐን ይጻፉ። የሞቱት ከበዙ በአያያዙ ላይ ስሕተት አለና ይመርመር፤ ውኃው ሞቆ ነበርን? እጁ ደርቆ ነበርን? ፎቶግራፉ ዘግይቶ ነበርን? የሞተውን መደበቅ ለጠባቂው የሚያስመሰግን፥ መናገር ደግሞ የሚያስወቅስ ከሆነ ግን መዝገቡ ሁልጊዜ መልካም፥ ኩሬው ሁልጊዜ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የማግሥቱን ቍጥር በእውነት የጻፈ ጠባቂ፥ ቍጥሩ ክፉም ቢሆን፥ ሊመሰገን ይገባዋል።